አስተያየትዎ ለእኛ ጠቃሚ ነው

አዲስ አበባ ውስጥ ማስታወቂያ የሚረቀቅበትን፣ የሚታተምበትንና የሚነበብበትን አንድ ሰፈር ጥራ ብባል አራት ኪሎን እጠራለሁ። ሕጉ ፓርላማ ውስጥ ይጸድቃል። እዚያው አጠገብ ከ1914 ዓ.ም. ጀምሮ የሚያትመው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት አለ። የታተመው ደግሞ ብዙም ሳይርቅ አደባባዩ ዳር ይሰጣል። ድሮ፣ ድሮ ስል ቴሌግራም ሳይመጣ ማለቴ ነው፣ እዚህ ሰፈር ጋዜጣ የሚገዛ ሰው እንደ ሀብታም ይታይ ነበር። አብዛኛው ሰው ይከራይ ነበር። ሥራ ፈላጊው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ፖለቲካውንም ስፖርቱንም ዘልሎ በቀጥታ የሥራ ማስታወቂያው ላይ ያርፋል። የተከራየ ጋዜጣ ላይ መጻፍ ነውር ስለሆነ ስልክ ቁጥሩን መዳፉ ላይ ይገለብጣል፤ አከራዩ ከወዲያ ሆኖ በዓይኑ ያጣድፈዋል። «የሥራ ልምድ፦ 5 ዓመት» የሚለው ላይ ሲደርስ ግን አንባቢው ራሱ ጋዜጣውን አጥፎ ይመልሳል።

ማስታወቂያ ማውጣት እንደ አገር እናውቅበታለን። ነጋሪት እየተጎሰመ «ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይባል በነበረበት ዘመን፣ ዛሬ ልጆቹ «ሼር አድርጉት» የሚሉት ነገር በአዋጁ ውስጥ ገብቶ ነበር። ከበሮው ዝም ካለ በኋላም ስሙ አልቀረም፤ ሕግ የሚወጣበት ጋዜጣ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ «ነጋሪት» ነው። ወደ ታች የሚወርደው ቃል መንገዱን አጥቶ አያውቅም።

ወደ ላይ የሚወጣውስ? ለዚህም አባቶቻችን ዘዴ ነበራቸው። ንጉሡ የሕዝቡን ልብ ማወቅ ሲፈልግ «እረኛ ምን አለ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር ይባላል። እረኛው መጠይቅ አልተሰጠውም፤ ዕድሜውንና ጾታውን አልሞላም። ከብቶቹን እየነዳ ያንጎራጉራል፣ ጆሮ ያለው ይሰማል። አዝማሪም እንዲሁ ነበር፤ ሰሙን ለጌታው ያወርዳል፣ ወርቁን ለታዳሚው ያሾልካል። እንግዲህ ሰው ሳይጠየቅ የሚናገረውን ነበር የሚሰበስቡት። ሰው ተጠይቆ የሚመልሰውማ ሌላ ነው፤ ወደዚያ ልምጣ።

ይህን ሁሉ ያስነሣብኝ የጎረቤቴ ልጅ ናት። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፣ ጂሲ ነች፤ ዘንድሮ ትመረቃለች። የዩኒቨርሲቲዋን ስም አልጠራም፤ ገና ዲግሪዋን አልተቀበለችም። የመመረቂያ ሥራዋ «የዩኒቨርሲቲው የኦንላይን ማስታወቂያ ሥርዓት ላይ የተጠቃሚዎች አስተያየት» የሚል ነው። አንድ ቀን መጠይቋን ይዛ መጣችና «ጋሼ፣ አማርኛውን ብቻ ያርሙልኝ» አለችኝ። እኔም እንደማንኛውም ጡረታ የቀረበው ሰው አማርኛውን ትቼ ሐሳቡን ማረም ጀመርኩ።

መጠይቁ እንደ ሕጉ ነው የተዘጋጀው። «ሥርዓቱ ለአጠቃቀም ምቹ ነው»፣ «ማስታወቂያዎች በወቅቱ ይወጣሉ»፣ «መረጃው ግልጽ ነው»፤ ከእያንዳንዱ ፊት ደግሞ በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ ገለልተኛ፣ አልስማማም፣ በጣም አልስማማም። ይህን አምስት ደረጃ ሬንሲስ ሊከርት የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1932 ነው ለዓለም ያስተዋወቀው። ሰውዬው ትልቅ ምሁር ነው፣ አይካድም። ነገር ግን «ደህና ነው፣ እግዜር ይመስገን» የሚለውን አማራጭ ረስቶታል። እኛ ጋ ታሞ የተኛ ሰው እንኳ «እንዴት ነህ?» ሲባል የሚሰጠው መልስ እሱ ነው። ፊት ለፊት ቆማ እስክሪብቶ ለምታቀብል ልጅ «በጣም አልስማማም» ብሎ ማክበብ ደግሞ ልጅቱን መስደብ ይመስላል። ስለዚህ ይሉኝታ ያለው «እስማማለሁ» ያከብባል፣ ይሉኝታው ሲበዛ «በጣም» ይጨምርበታል፣ ነገር የሚፈራው ገለልተኛ ይሆናል። ስንት ነገር ያየ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ገለልተኛ ቢበዛ አልፈርድም።

ዘጠነኛው ጥያቄ በቀይ ተሰርዟል። «ማስታወቂያውን ያወጣው ማን እንደሆነ በግልጽ ይታወቃል» ይል ነበር።

«ይህን ማን ሰረዘው?» አልኳት።

«አማካሪዬ ናቸው ጋሼ። ከርዕሱ ጋር አይሄድም አሉ።»

አለፍኩት።

መጀመሪያ መጠይቁን የለጠፈችው እዚያው ማስታወቂያ ገጹ ላይ ነበር። እንደ አሠራሩ ነው፣ ተጠቃሚው የሚገኘው እዚያ ነዋ። ይህ ግን መምህር ክፍል ገብቶ «ያልመጣችሁ እጃችሁን አውጡ» እንደሚለው ነው። ገጹን የማይከፍተው ተማሪ ገጹን ለምን እንደማይከፍት የሚጠየቀው ገጹን ከከፈተ በኋላ ነው። የሞሉት ጥቂቶች ገጹን የሚወዱ ሆነው ተገኙ፤ ውጤቱም በጣም ያማረ ነበር። እዚህ ላይ ብትቆም ኖሮ በጥሩ ነጥብ ትመረቅ ነበር። ይህች ልጅ ግን ልበ ደረቅ ናት፤ መጠይቁን ፎቶኮፒ አድርጋ ግቢ በር ላይ፣ ካፌ ሰልፍ ላይ፣ አራት ኪሎ ታክሲ መጠበቂያው ጋ ሳይቀር ማስሞላት ጀመረች። ማታ ማታ ደግሞ እኔ ዘንድ እየመጣች ታነብልኛለች።

በዚህ አጋጣሚ እኔም የኦንላይን ማስታወቂያውን አየሁት። ኦንላይን ሲባል አንድ አዲስ ነገር የጠበቀ ሰው ያዝናል። ማስታወቂያው መጀመሪያ በወረቀት ይታተማል። ይፈረማል። ማኅተም ይመታበታል፤ ማኅተም የሌለው ወረቀት እዚህ አገር ሐሜት ነው። ከዚያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ከዚያ አንድ ሰው በስልኩ ፎቶ ያነሣውና ገጹ ላይ ይጭነዋል። ማለትም የኦንላይን ሥርዓቱ የሰሌዳው ፎቶግራፍ ነው። አንዳንዱ ፎቶ ወደ ጎን ስለተጋደመ አንባቢው አንገቱን ያዘማል፤ ስልኩን ሲያዞረው ደግሞ ፎቶውም አብሮ ይዞርበታል። ከላዩ የሌላ ማስታወቂያ ጫፍ ይታያል፣ ከግርጌው የፎቶ አንሺው ጣት። በሌላም ግቢ፣ በሌላም መሥሪያ ቤት ያየሁት ይኸንኑ ነው፤ አገራዊ ዘይቤ ሆኗል።

ጽሑፉም የታወቀ ነው። «አስቸኳይ ማስታወቂያ፤ ለሁሉም ተማሪዎች በሙሉ» ብሎ ይጀምራል። «ሁሉም»ም «በሙሉ»ም ካልተባለ የሚቀር ሰው ያለ ይመስላል። ይቀጥልና «ይህ ማስታወቂያ ከወጣበት ከዛሬ ጀምሮ ባሉት 5 ተከታታይ የሥራ ቀናት ውስጥ በአካል እየቀረባችሁ» ይላል። ዛሬ መቼ ነው? ወረቀቱ ላይ ቀን አልተጻፈም፤ ወይም ተጽፎ ማኅተሙ አርፎበታል። ሰሌዳው ላይ እያለ ዛሬ ማለት ያየኸው ቀን ነበር። ገጹ ላይ ሲወጣ ግን ዛሬ አያልቅም። ባለፈው ዓመት የተጫነ ማስታወቂያ አሁንም «ከዛሬ ጀምሮ» እያለ ተማሪ ይጠራል። «በአካል» የሚለው ደግሞ የኦንላይን ሥርዓቱ የመጨረሻው ቃል ነው፦ ቤትህ ቁጭ ብለህ፣ ኢንተርኔት ከፍለህ፣ በአካል መምጣት እንዳለብህ ታነባለህ።

የልጅቱ መጠይቅ መጨረሻ ላይ «ተጨማሪ ሐሳብ ካለዎት» የሚል ሦስት ባዶ መስመር ነበረው። አምስቱ ደረጃዎች ያልሰጧት ነገር ሁሉ እዚያ ተገኘ። በእርግጥ ሁሉም ስለ ማስታወቂያ አይደለም። «ሽሮው ይስተካከል» የሚል ነበረ። «ዶርም ውኃ ከጠፋ ስንት ቀን ሆነው» የሚል ነበረ። «በርቺ እህቴ» ያለም አለ፤ «ስልክሽን ብትጽፊልን አስተያየታችንን በደንብ እናስረዳሽ ነበር» ያለም አልጠፋም። አማካሪዋ እነዚህን ከርዕሱ ውጪ ናቸው ብለው እንድታወጣቸው ነገሯት። እኔ ግን ሽሮውን ባታወጪው አልኳት። ሰው ባዶ መስመር ሲያገኝ የሚጽፈው ያልተጠየቀውን ነው፤ እረኛውም ያደረገው ይኸንኑ ነው።

ከሁሉ ደጋግሞ የመጣው አስተያየት ግን ስለ ሰዓት ነበር። «12፡00 ሲባል የእኛ ነው የፈረንጅ?» የሚል፣ በተለያየ እጅ፣ በተለያየ ንዴት። ነገሩ ቀልድ አይደለም። ጽሑፉን የሚያዘጋጀው ሰው ቢሮ የሚገባው ከጠዋቱ 2፡30 ነው፤ በሐበሻ ሰዓት ያስባል። ማስታወቂያው የሚጫንበት ኮምፒውተር በፈረንጅ ሰዓት ይቆጥራል። እናም «አድ ኤንድ ድሮፕ እስከ 12፡00 ሰዓት ብቻ» የሚል ሲወጣ፣ ያ 12፡00 እኩለ ቀን ሊሆን ይችላል፣ እኩለ ሌሊትም ሊሆን ይችላል፣ ፀሐይ ስትጠልቅም ሊሆን ይችላል፣ ፀሐይ ስትወጣም ሊሆን ይችላል። አንድ ቁጥር ቀኑን አራት ቦታ ይቆርጠዋል። ጠንቃቃው ተማሪ በአራቱም ይዘጋጃል። ሰነፉ በመጨረሻው ይተማመናል። ገጹ ግን በመጀመሪያው ይዘጋል።

ቀኑም ከሰዓቱ አይሻልም። ወረቀቱ «ጳጉሜን 3» ይላል፤ ሲስተሙ ጳጉሜን የምትባል ወር አይቶ ስለማያውቅ ከላይ «ሴፕቴምበር 8» ብሎ ያትምበታል። አሥራ ሦስት ወር አለን ብለን ለቱሪስት ስንፎክር የኖርነው ሰዎች አሥራ ሦስተኛዋን ወር የሚቀበል አንድ ፎርም ማግኘት አቅቶናል። ይህን ለልጅቱ ስነግራት ደብተሯ ላይ ጻፈችው፤ «የጥናቱ ውስንነት» በሚለው ምዕራፍ ሥር።

ታዲያ ተማሪው መረጃ የሚያገኘው ከየት ነው? ብላ ጠየቀች፤ መልሱ አንድ ሆነ፦ ከሬፑ። በየክፍሉ አንድ ተወካይ አለ፣ የክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕም የእሱ ነው። ሬፑ ፎቶውን ከገጹ ያወርዳል፣ ጣቱን ይቆርጣል፣ ቀና ያደርገዋል፣ ከሥሩ «ጓዶች፣ ማታ 12 ማለት ነው፣ ደውዬ አረጋግጫለሁ» ብሎ ይጽፋል። ማስታወቂያ የሚሆነው ያኔ ነው። ከሥሩ አስተያየቱ ይግተለተላል፤ የአውራ ጣት፣ የሳቅ፣ የለቅሶ ምልክት፣ «ተውን እንጂ»፣ «ብር የለንም»፣ «ማን ነው ይህን የፈረመው?»። የዩኒቨርሲቲው የራሱ ቻናል ላይ ግን ኮሜንት ተዘግቷል። ሰዉ የሚናገርበት ተዘግቶ፣ የሚሞላበት ይበተናል።

ሌላው የመረጃ ምንጭ የግቢው ጥበቃ ናቸው። ልጅቱ መጀመሪያ አልጠየቀቻቸውም ነበር፣ ምክንያቱም ጥናቱ የሚመለከተው «ተማሪዎችን፣ መምህራንንና የአስተዳደር ሠራተኞችን» ነው ተብሎ ጥበቃው በኤጀንሲ የተቀጠሩ ስለሆኑ በየትኛውም አልገቡም። ተማሪ ሁሉ ሲገባ «አባባ፣ ማስታወቂያ ወጣ?» ይላቸዋል፤ ሲወጣ እየረገመ ያልፋቸዋል። ስለዚህ የሚወርደውም የሚወጣውም ቃል በሙሉ በእርሳቸው በኩል ነው የሚያልፈው። አንድ ቀን እርሷም ጠየቀቻቸው።

«ወጥቷል ልጄ፣ ግን አትቸኩሉ፣ ይነሣል» አሏት።

«እንዴት አወቁ አባባ?»

«አንድ ስፒል ነው የመቱበት። አራቱም ጥግ ላይ ስፒል የተመታ እንደሆነ ይቆያል።»

በማግሥቱ ተነሣ። ይህን በየትኛው ደረጃ ታክብበው? በጣም እስማማለሁ ይሆን?

አንዳንዴ ሰው አስተያየት የማይሰጠው ቴክኖሎጂ ስላልገባው ነው ይባላል። ይህ አራት ኪሎን አለማወቅ ነው። ዛሬ ሳይንስ ፋኩልቲ የምንለው ግቢ በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሆኖ፣ በካናዳዊው ኢየሱሳዊ በዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት ሲጀመር ኢሜይል አልነበረም። አስተያየት ግን ሞልቶ ነበር። ኮሌጅ ዴይ የሚባል በዓል ነበራቸው፤ ተማሪዎቹ ግጥም ያነብቡበታል፣ ይወዳደሩበታል። በ1953 ዓ.ም. ታምሩ ፈይሳ «ድሃው ይናገራል» የሚል ግጥም አቀረበ። ርዕሱ ራሱ ስንት ገጽ መጠይቅ ያክላል። ቀጥሎ የመጡት ግጥሞች እየመረሩ ሄዱ፤ ከአስተያየት ሰጪዎቹ መካከል ከትምህርት የታገዱም ነበሩ። በ1957 ዓ.ም. የካቲት ላይ ደግሞ «መሬት ለአራሹ» እያሉ ፓርላማው ደጅ ደረሱ። ከዚያ በኋላ የመጣውን ታሪክ አንባቢዬ ያውቀዋል፤ ለወግ ይከብዳል። ያን ያነሣሁት ይህ ሰፈር አስተያየት ቸግሮት እንደማያውቅ ለማለት ነው። የቸገረው ሁልጊዜ ተቀባይ ነው።

የአስተያየት ሣጥኑንም አልረሳሁም። ቢፒአር፣ ካይዘን፣ የዜጎች ቻርተር በተባለበት ዘመን በየመሥሪያ ቤቱ ኮሪደር አንድ የእንጨት ሣጥን ተሰቅሎ ነበር፣ «አስተያየትዎ ለእኛ ጠቃሚ ነው» የሚል ጽሑፍ ያለው። ትንሽ ጓጉንቸር አለችው። እኔ በነበርኩበት አንድ ቢሮ ሣጥኑ ለግምገማ ሲባል ተከፍቶ አይቻለሁ፤ ቁልፉ ስለታጣ በፒንሳ ነው የተከፈተው። የከረሜላ ወረቀት፣ የአውቶቡስ ትኬት፣ ያልወጣ ሎተሪ፣ አንድም «ይህን ሣጥን የሚከፍት ሰው አለ?» የሚል ብጣሽ ወረቀት ተገኘበት። ሪፖርቱ ላይ «1 አስተያየት ቀርቦ ምላሽ ተሰጥቶታል» ተብሎ ተጻፈ። ሐሰት አይደለም፤ ተከፈተ አይደል?

አሁን ሣጥኑ ወርዷል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ኮሪደር ልማቱ ፒያሳንም አራት ኪሎንም ሲያነጻቸው ምሰሶ ላይ የሚለጠፈው «ቲቶሪያል እንሰጣለን» እና «የሚከራይ ሰርቪስ ቤት»ም አብሮ ተላጠ። ግድግዳው አማረ፣ የእግረኛው መንገድ ሰፋ፣ ማታ መብራቱ ያሳሳል። ማስታወቂያው ግን ስልክ ውስጥ ገባ። ስልክ ውስጥ ደግሞ ጠርዝ የለም። የወረቀቱ ማስታወቂያ ዳር ዳሩ ባዶ ነበር፤ ተማሪው እዚያ ላይ በእስክሪብቶ «እሺ፣ ከየት አምጥተን?»፣ «ቀኑ እኮ አልፏል»፣ «ፊርማው ያምራል» እያለ ይጽፍ ነበር። ለጣፊው ሲያነሣው ሳይወድ በግድ ያነበዋል። በዕድሜዬ ካየኋቸው የአስተያየት መሰብሰቢያ ዘዴዎች ውስጥ የሠራው እሱ ብቻ ይመስለኛል። ወጪውም የእስክሪብቶ ቀለም ነው፣ ያውም የተማሪው።

ባለፈው ሳምንት ልጅቱ የመጨረሻውን ምዕራፍ ይዛ መጣች። አራት ኪሎ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ማኪያቶ አዘዝን፤ እኔ ከፋይ ስለሆንኩ ምክሬ ሊሰማ ነው። «የመፍትሔ ሐሳብ» የሚለው ቦታ ባዶ ነው። ሌሎቹ ጥናቶች ላይ እንደሚጻፈው «ሥርዓቱ ቢዘምን»፣ «ግንዛቤ ቢፈጠር»፣ «ሥልጠና ቢሰጥ» ልትል ነበር፤ ከለከልኳት።

«ሦስት ነገር ጻፊ» አልኳት። «አንደኛ፣ እያንዳንዱ ማስታወቂያ ላይ ቀን ይጻፍ፣ ዛሬ የሚለው ቃል ይከልከል። ሁለተኛ፣ ሰዓት ሲጻፍ ቀን፣ ማታ፣ ሌሊት ወይም ጠዋት ተብሎ ይጻፍ። ሦስተኛ፣ ያልገባው ሰው እንዲጠይቅ ማስታወቂያውን የጻፈው ሰው ስልክ ቁጥር ከሥሩ ይቀመጥ። ይኸው ነው። መጠይቅም አያስፈልግሽም፤ አስተያየቱ በራሱ ይደወላል።»

ጻፈችው። ሁለቱን ጻፈችና ሦስተኛው ላይ እስክሪብቶዋ ቆመ።

«ምነው?»

«ሁለቱን አስገባለሁ ጋሼ። ስልኩን ግን አማካሪዬ አያሳልፉትም።»

«ለምን? ምን ችግር አለው?»

ማኪያቶዋን ወደ አፏ አስጠግታ ግራ ቀኙን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፦

«የሚጽፉት እርሳቸው ናቸዋ!»